የድሮ ኮምፒውተር ድምፅ ይቆራረጣል፣ ማታ ማታ ደግሞ ቤዙ ይሰነጠቃል

የቆጪ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነኝ። ቤት ያለው ኮምፒውተር ፔንቲየም 4፣ ራሙ 1 ጊጋ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 3 ነው። ሳውንዱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኤሲ 97 ነው፣ ለብቻው የተሰካ ካርድ የለም። ሃርድ ዲስኩ በሰፊው ጥብጣብ ኬብል የሚሠራ አይዲኢ ነው። ስፒከሩ 2.1 (ሁለት ትንንሽና አንድ ቤዝ)፣ በቀጥታ ከ220 የሚሰካ፣ ስም የሌለው ዓይነት።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ዘፈን እየሄደ ከፍላሽ ወደ ሃርድ ዲስክ ስገለብጥ ድምፁ ጠ-ጠ-ጠ እያለ ይቆራረጣል። ማውሱም አብሮ ይንቀራፈፋል።
2. የግራው ስፒከር አንዳንዴ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ኬዙን መታ ሲያደርጉት እየተንኮሻኮሸ ይመለሳል።
3. ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ቤዙ ይሰነጠቃል። ጠዋት በዚያው ቮልዩም ደህና ነው።
4. ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም እምምም የሚል ድምፅ አለ።

ድራይቨሩ ተነቅሎ እንደገና ተጭኗል፣ ለውጥ የለም። ፎርማት ይደረግ ወይስ ስፒከሩ ይቀየር? መልቲሜትርና የብየዳ ካውያ አለኝ።

—

አባ ሽቦ፦

ፎርማቱን ተወው። የጻፍካቸው አራቱ አንድ በሽታ አይመስሉኝም። ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ነው፣ ለዚህ ነው ድራይቨር መቀየሩ ያልነካው።

መጀመሪያ መንገዱን መሃል ላይ ቁረጠው። መሃሉ ከኬዙ ጀርባ ያለው አረንጓዴ ቀዳዳ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር፣ ከዚያ ወዲያ ስፒከር። ሁለት ሙከራ ይበቃል፦

ሀ) ስፒከሩን ንቀልና የጆሮ ማዳመጫ አረንጓዴው ላይ ሰካ። ፋይል እየገለበጥክ አዳምጥ፣ ኬዙንም መታ መታ አድርግ።
ለ) የስፒከሩን ገመድ ከኮምፒውተሩ ነቅለህ ስልክ ላይ ሰካው። ጠዋትም ማታም አንድ ዓይነት ዘፈን በአንድ ዓይነት ቮልዩም አጫውት።

በ«ሀ» ላይ የሰማኸው ችግር የኮምፒውተሩ ነው፣ በ«ለ» ላይ የሰማኸው የስፒከሩ ወይም የመብራቱ። ይህን ሳታደርግ ዕቃ አትግዛ።

ቁጥር 1 ላይ ከአሁኑ ጥርጣሬ አለኝ። ማውሱ አብሮ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ጥፋቱ የሳውንዱ አይደለም፣ ፕሮሰሰሩ ሌላ ነገር ተሸክሞ ድምፁን በጊዜው ማድረስ አቅቶታል ማለት ነው። ታስክ ማናጀርን ክፈት፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግባ፣ ከላይ ቪው ከሚለው «ሾው ከርነል ታይምስ»ን ምረጥ። ከአረንጓዴው መስመር ጋር ቀይ መስመር ይመጣል። ፋይል ስትገለብጥ ቀዩ አረንጓዴውን ተከትሎ ወደ ላይ ከወጣ፣ ሥራውን የሚበላው ፕሮግራም ሳይሆን ድራይቨር ነው።

ከዚያ ማይ ኮምፒውተር ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሃርድዌር፣ ዲቫይስ ማናጀር። አይዲኢ ኮንትሮለርስ ከሚለው ሥር «ፕራይመሪ አይዲኢ ቻነል»ን ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርግና አድቫንስድ ሴቲንግስ ውስጥ «ከረንት ትራንስፈር ሞድ» ምን እንደሚል ጻፍልን። «አልትራ ዲኤምኤ ሞድ 5» ካለ ደህና ነው። «ፒአይኦ» (ዘገምተኛው የድሮ መንገድ) ካለ ሌባው ተያዘ።

—

ፈረንጅ አራዳ፦

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? በዩኤስቢ የምትሰካ ትንሽ ሳውንድ ካርድ ግዛ። ኤክስፒ ያለ ድራይቨር ያውቃታል፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ረሳኸው ማለት ነው።

ኬዙንም ክፈትና ፋኑን እይ። ከሰልና ዕጣን የሚጨስበት ሳሎን ውስጥ የከረመ ኮምፒውተር ሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ብረት) ላይ አቧራው ከጥላሸት ጋር ተለጥፎ እንደ ብርድ ልብስ ነው የሚሸፍነው። ፔንቲየም 4 ሲግል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያን ጊዜም ድምፅ ይቆራረጣል። አቧራውን በብሩሽ አውጣ፣ ስትነፋው ፋኑን በእንጨት ያዘው እንጂ እንዲሽከረከር አትተወው። በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል የደረቀውን ፔስት ጠርገህ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት አድርግ።

—

አባ ሽቦ፦

@ፈረንጅ አራዳ ፋኑ ላይ ትክክል ነህ። የዩኤስቢው ካርድ ግን ቁጥር 1ን አያድንም። እሱም ድምፁን የሚቀበለው ከዚያው ፕሮሰሰር ነው፣ ፕሮሰሰሩ ዲስክ ሲያገለግል ሲቆለፍ የዩኤስቢውም ይቆራረጣል። ቁጥር 3ና 4 ደግሞ የስፒከሩ ከሆኑ ጭራሽ አይነካቸውም። የሚረዳው ለቁጥር 2 ብቻ ነው፣ እሱንም በነፃ መጠገን ይቻላል።

—

ጅሬን 220፦

ቁጥር 3ን እኔ ልያዘው። «ጠዋት ደህና፣ ማታ ይሰነጠቃል» ማለት መልቲሜትርህን ሶኬቱ ላይ አድርገህ ማየት ያለብህ ነገር ነው። ኤሲ 750 ላይ አድርግና ጠዋትና ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ለካ፣ ስፒከሩ እየሠራ።

ለምን እንደሚሰነጠቅ ላስረዳ። የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ የመብራቱን መዋዠቅ ራሱ ያስተካክላል፣ 230 ላይ ከሆነ እስከ 180 አካባቢ ይታገሣል። የስፒከሩ ግን ተራ ትራንስፎርመር ነው፣ የገባለትን አሳንሶ ነው የሚያስተላልፈው። ትራንስፎርመሩ 12-0-12 ከሆነ (ከወጪው በኩል ሦስት ሽቦ ታያለህ)፣ በ220 ቮልት ወደ ዲሲ ከሚቀይሩት ዳዮዶች በኋላ በሁለቱም በኩል 16 ቮልት ገደማ ይገኛል። መብራቱ 170 ሲሆን 12 ይቀራል። የአምፕሊፋየር ጉልበት ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ ንጹሕ የሚወጣው ድምፅ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። አንተ ቮልዩሙን አልነካኸውም፣ ጣሪያው ግን ዝቅ ብሏል፣ ቤዙ ሲመታ ጣሪያውን ይነካና ጫፉ ይቆረጣል። ትንንሾቹ ደህና ሆነው ቤዙ ብቻ የሚሰነጠቀው ብዙ ጉልበት የሚጠይቀው እሱ ስለሆነ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መብራት ሲያንስ ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለችውን ቀይ ማብሪያ ከ230 ወደ 115 የሚያዞሩ አሉ። በፍጹም እንዳትነካት። መብራቱ መለስ ሲል ፓወር ሰፕላዩ ይፈነዳል።

ለቁጥር 4፣ የድምፁን ገመድ ከኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ንቀለውና ስፒከሩን ብቻ አብራ። እምምታው ከቀጠለ ችግሩ ስፒከሩ ውስጥ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የደረቁ ፊልተር ካፓሲተሮች (ከዳዮዶቹ በኋላ ሞገዱን የሚያለሰልሱት) ናቸው። ከጠፋ ግን በኮምፒውተሩና በስፒከሩ መካከል የሚዞር የግራውንድ ችግር ነው። ያን ጊዜ ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ አብራቸው፣ ኮምፒውተሩ ከቴሌቪዥን ወይም ከዲሽ ጋር በገመድ ከተገናኘም እሱን ንቀልና እይ።

በዩፒኤስ ነው እንዴ የምትጠቀመው? ርካሹ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው መብራት ደረጃ ደረጃ ያለው እንጂ ለስላሳ ሞገድ አይደለም፣ ትራንስፎርመር ያለው ስፒከር በእሱ ላይ ሁልጊዜ ያጉረመርማል። ያ ብልሽት አይደለም።

—

የቆጪ ልጅ፦

አባ ሽቦ ይመስገኑ፣ ጅሬንም እንዲሁ። ውጤቱ ይኸው፦

በጆሮ ማዳመጫ ፋይል ሲገለበጥ ይቆራረጣል፣ ቀዩ መስመር ጣሪያ ይነካል። ከረንት ትራንስፈር ሞድ «ፒአይኦ ሞድ» ይላል። የግራው መጥፋትም በጆሮ ማዳመጫ አለ፣ የፊቱን የማዳመጫ ቀዳዳ ሲነካኩት ይባባሳል። ስልክ ላይ ተሰክቶ ግን አይጠፋም።

መብራቱ ጠዋት 214፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ 172። ማታ በስልክም ቤዙ ይሰነጠቃል። ገመዱ ተነቅሎም እምምታው አለ። ስፒከሩ ተከፍቶ ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች አሉ፣ 3300 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት፣ የአንዱ አናት አብጧል። ትራንስፎርመሩ 12-0-12 ነው። የአምፕሊፋየር ቺፖቹ ቲዲኤ 2030፣ ሦስት ናቸው። ዩፒኤስ የለም።

—

አባ ሽቦ፦

ጥሩ ምርመራ ነው። የኮምፒውተሩን ሁለቱን እንጨርስ።

ፒአይኦው። ኤክስፒ ከዲስኩ ጋር ሲነጋገር የታይምአውት (መልስ መዘግየት) ወይም የሲአርሲ (መረጃው መንገድ ላይ መበላሸት) ስሕተት ሲደርስበት ይቆጥራል። ስድስት ሲሞላ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ያወርዳል፣ ስሕተቱ ከቀጠለ እያወረደ ፒአይኦ ላይ ያርፈዋል። ችግሩ ቢወገድ እንኳ ራሱ ወደ ላይ አይመልሰውም። በዲኤምኤ ዲስኩ መረጃውን በቀጥታ ራም ውስጥ ያስቀምጣል፤ በፒአይኦ ግን እያንዳንዷን ቁራጭ ፕሮሰሰሩ በእጁ ያመላልሳል። ድምፁ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው።

ለመመለስ፦ እዚያው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ፕራይመሪ አይዲኢ ቻነል ላይ ቀኝ ክሊክ አድርግና አንኢንስቶል በለው። አትፍራ፣ ዲስኩ ውስጥ ያለውን አይነካም። ሪስታርት አድርግ፣ ኤክስፒ ራሱ ፈልጎ ይጭነዋል፣ ሌላ ሪስታርት ሊጠይቅህ ይችላል። ከዚያ ሞዱን እንደገና እይ። ፒአይኦ ሆኖ ከቀረ ምርጫው ላይ «ዲኤምኤ ኢፍ አቬይለብል» መመረጡን አረጋግጥ፣ ባዮስ ውስጥም ለዲስኩ ዲኤምኤ እንዳልተዘጋ እይ።

ግን ስሕተቱን ያመጣው ነገር ካለ በሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ኬብሉን እይ። የአይዲኢ ጥብጣብ ሁለት ዓይነት ነው፦ ባለ 40 ሽቦና ባለ 80 ሽቦ። ሶኬታቸው አንድ ነው፣ ልዩነቱ የሽቦው ቅጥነት ነው፣ 80ው በጣም ረቂቅ ነው። ከአልትራ ዲኤምኤ ሞድ 2 በላይ ለመሄድ 80ው ግድ ነው። ሰማያዊው ጫፍ ማዘርቦርድ ላይ፣ ጥቁሩ ጫፍ ዋናው ዲስክ ላይ፣ የመሃሉ ግራጫ ሁለተኛው ላይ። ርዝመቱ ከ45 ሳንቲሜትር አይበልጥ። የተጨማደደ ወይም ኬዙ ጠርዝ ላይ የተቆነጠጠ ከሆነ ጣለው።

ኬብሉ ነው ዲስኩ ብለህ ከተጠራጠርክ ነፃውን ኤችዲ ቲዩን 2.55 ጫንና ሄልዝ የሚለውን ክፈት። የ199ኛው መስመር (ፕሮግራሙ C7 ብሎ የሚጽፈው፣ አልትራ ዲኤምኤ ሲአርሲ) ጥሬ ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ኬብሉ ነው። የተበላሹ የዲስክ ቦታዎችን የሚቆጥሩት 5ኛውና 197ኛው (C5) ከዜሮ ከተነሱ ግን ዲስኩ እየሞተ ነው፣ ድምፁን ረስተህ ፋይልህን አውጣ።

የግራው መጥፋት። ይሄ የኤሲ 97 ማዘርቦርዶች ልማድ ነው፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ሳውንድ ካርድ ያስቀይራል። በእነዚህ ቦርዶች ላይ ወደ ጀርባው አረንጓዴ ቀዳዳ የሚሄደው ድምፅ መጀመሪያ ወደ ፊት ለፊቱ ቀዳዳ ሄዶ፣ እዚያ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቅጠል ነክቶ ነው የሚመለሰው። የፊቱ ላይ ማዳመጫ ሲሰካ ቅጠሏ ትከፈትና የጀርባው ይዘጋል። የጅማ እርጥበት ያቺን ቅጠል አረንጓዴ ዝገት ያለብሳታል፣ ምንም ሳይሰካ የተከፈተች ትሆናለች። ግራው ይጠፋል፣ ሲመቱት ይመለሳል።

ማዘርቦርዱ ላይ 10 ቦታ ያለው (8ኛው እግር የጎደለ) የፊት ኦዲዮ ማገናኛ ፈልግ። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለህ ኬብሉን አውጣው። ከዚያ 5ን ከ6፣ 9ን ከ10 በጃምፐር (ሁለት እግር የሚያገናኝ ትንሽ ቆብ) አገናኝ። 5ና 6 የቀኝ፣ 9ና 10 የግራ መሄጃና መመለሻ ናቸው። ጃምፐር ከሌለህ የማይሠራ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ወይም ሲዲ ድራይቭ ጀርባ ላይ ታገኛለህ። ሁለቱን ካላገናኘህ ከጀርባው ምንም ድምፅ አይወጣም፣ ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ። የፊቱን ቀዳዳ ግን ከእንግዲህ አትጠቀምበትም። የግድ ካስፈለገህ በኮንታክት ክሊነር እጠበው፣ ማዳመጫውን ሃያ ጊዜ ያህል አስገባ አስወጣ፣ ይድረቅ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ባለ 70 አልኮል ውኃው ብዙ ስለሆነ ለዚህ አልወደውም።

እግረ መንገድህን፦ በሰዓቱ አጠገብ ካለው የስፒከር ምልክት ቮልዩም ኮንትሮልን ክፈትና ላይን ኢን፣ ማይክሮፎን፣ ኦግዚለሪ፣ ሲዲ የሚሉትን ሁሉ ሚውት አድርግ። ያልተጠቀምክባቸው መስመሮች ሽሽታ ያስገባሉ። ዌቭን 80 በመቶ አካባቢ አድርገውና የቀረውን በስፒከሩ ቁልፍ ጨምር። ቪኤልሲ ላይ ከ100 በላይ መጨመር ድምፁን ቢያጎላም ጫፉን ሊቆርጠው ይችላል።

—

ጅሬን 220፦

የስፒከሩ ካፓሲተር ያበጠው አንዱ ቢሆንም ሁለቱንም ቀይር። እኩል ዕድሜ ናቸው፣ ሁለተኛውም ሰልፍ ላይ ነው።

ስትሠራ፦ ከሶኬት ንቀል። እያንዳንዱን ካፓሲተር በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ለ20 ሰከንድ አራግፍ፣ በካቻቪቴ አታጋጭ። ከመንቀልህ በፊት በስልክ ፎቶ አንሳ። ነጩ መስመር ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ባለ ሁለት ጎን ሰፕላይ (ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም ያለው) ስለሆነ የአንዱ ካፓሲተር ፖዘቲቭ ከግራውንድ ጋር ነው የሚገናኘው። «ግራውንድ ማለት ኔጌቲቭ ነው» ብለህ ሁለቱንም አንድ አድርገህ ከበየድክ አንዱ ይፈነዳል። ቦርዱ ላይ የተጻፈውንና ፎቶውን እመን።

ካውያው 40 ዋት ይበቃል። የድሮውን ብየዳ ከማቅለጥህ በፊት ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምርበት፣ ቶሎ ይለቃል። አንድ እግር ላይ ከ4 ሰከንድ በላይ አትቆይ፣ መዳቡ ይላጣል።

ቺፖቹንም እይ። የቲዲኤ 2030 ጀርባ ያለው ብረት ከኔጌቲቭ ቮልቴጁ ጋር የተያያዘ ነው፣ ከግራውንድ ጋር አይደለም። ከአልሙኒየሙ መካከል ስስ ማይካ ወይም ላስቲክ ካለ ሳትጥለው መልሰው። ፔስቱ ደርቆ ከሆነ አዲስ ቀባ፣ ቺፑ ሲግል ራሱን ይከላከልና ድምፁን ይቆራርጠዋል።

ከመቀየርህ በፊትና በኋላ በካፓሲተሮቹ ላይ የሚቀረውን ሞገድ መለካት ከፈለግህ አንድ ወጥመድ አለ። ርካሹ ዲጂታል መልቲሜትር ኤሲ ላይ ሲሆን ዲሲውን አያግደውም፣ የሚያሳይህ ቁጥር ሐሰት ነው። ከአንዱ ፕሮብ ጋር 1 ማይክሮፋራድ የፊልም ካፓሲተር በተከታታይ አስገባ፣ ያን ጊዜ የሚታየው ሞገዱ ብቻ ነው። ቮልዩም ዜሮ ላይ ሆኖ ከግማሽ ቮልት በላይ ካየህ ፊልተሩ አልቋል።

ቁጥር 3 ግን በካፓሲተር ሙሉ በሙሉ አይድንም፣ ይሻላል እንጂ። 172 ቮልት 172 ነው። ወይ ማታ ቤዙን ቀንስ፣ ወይ ስታብላይዘር።

—

ፈረንጅ አራዳ፦

ስታብላይዘር ከገዛህ ኮምፒውተሩንም በእሱ ላይ አድርገው፣ 172 ለፓወር ሰፕላዩም ዝቅተኛ ነው፣ ድንገት ሪስታርት ያደርጋል። ፔንቲየም 4 ከነሞኒተሩና ስፒከሩ ከ250 እስከ 300 ዋት ብለህ አስብ፣ 1000 ቪኤ (የስታብላይዘር ጉልበት መለኪያ) ምቹ ነው። 500 የተባለው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አይሸከምም። በሪሌይ የሚሠራው ደረጃ ሲቀይር ስፒከሩ ላይ ቷ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሰርቮ ሞተር ያለው ግን ለስላሳ ነው፣ ዋጋው ይጨምራል።

—

የቆጪ ልጅ፦

ቻነሉ አንኢንስቶል ተደርጎ አሁን «አልትራ ዲኤምኤ ሞድ 5» ይላል፣ ሲገለበጥም አይቆራረጥም። 199ኛው መስመር ላይ 38 አለ፣ 5ኛውና 197ኛው ዜሮ ናቸው። ኬብሉ ባለ 80 ነው ግን በኬዙ ክዳን ተቆንጥጧል። ጃምፐሮቹም ገብተዋል፣ ግራው አልጠፋም።

ካፓሲተሩ ላይ ጥያቄ አለኝ። ሄርማታ ያሉት ጠጋኞች ጋ 3300 በ25 የለም። ያለው 4700 በ35 (ባለ 85 ዲግሪ)፣ 2200 በ16 (ባለ 105)፣ እና 2200 በ35 (ባለ 105) ነው። የቱ ይሻላል?

—

አባ ሽቦ፦

የ199ኛው ቁጥር ካለበት አይወርድም፣ የተመዘገበ ነው። 38ን ጻፈውና ኬብሉን ቀይረህ ከሳምንት በኋላ እይ። እዚያው ከቆመ አለቀ።

—

ጅሬን 220፦

16ቱን አትንካው። ጠዋት መብራቱ 214 ሲሆን በእያንዳንዱ ጎን 16 ቮልት ገደማ ይደርሳል፣ ሌሊት ሰው ሲተኛ ደግሞ ያልፋል። ያበጠው ዓይነት ዳግመኛ ይመጣል። 4700 በ35 ይሆናል፣ ከፍ ያለ ቮልቴጅ አይጎዳም፣ ማይክሮፋራዱ መጨመሩም እምምታውን ይቀንሳል። ግን ወፍራም ነው፣ ከመግዛትህ በፊት ቦታውን በማስመሪያ ለካ፦ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር፣ በእግሮቹ መካከል 7.5 ሊሆን ይችላል፣ ቁመቱም ከሳጥኑ ጋር እንዳይጋጭ። ካልገባ 2200 በ35ቱን አራት ግዛና በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሁለት ጎን ለጎን በየድ፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ 4400 ይሆናል። እንዲያውም እኔ ይህን እመርጣለሁ፣ ባለ 105 ዲግሪው በሙቀት ቶሎ አይደርቅም፣ ካፓሲተሩ ደግሞ ከአልሙኒየሙ አጠገብ ነው ያለው።

መጀመሪያ ስታበራው በቀጥታ አትሰካው። 60 ዋት የድሮ አምፖል ከስፒከሩ መብራት ገመድ ጋር በተከታታይ አስገባ፣ መጋጠሚያዎቹን በቴፕ አሽገህ ስታበራ አትንካቸው፣ ቮልዩሙ ዜሮ ይሁን። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ ወዲያው ንቀል፣ ወይ አንዱ ካፓሲተር ተገልብጧል፣ ወይ ከቺፖቹ አንዱ ከአልሙኒየሙ ጋር ተነካክቷል።